የሲስተር ባል በደባርቅ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገር ለጋበዘኝ የዝግጅት ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኮሚቴው በላከልኝ ደብዳቤ «ከሙያ ዘመንዎ የቀሰሙትን አንድ ትምህርት ያካፍሉን» ሲል ርእሱን ለራሴ ምርጫ ትቶታል። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ በመሆኔ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ካርታ አነባበብ ወይም ስለ መማሪያ መጻሕፍት ጉድለት ይናገራል ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የምነግራችሁ ሥራ ፈትቼ ስላሳለፍኋቸው ዐሥር ቀናት ነው። የሙያዬን ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት በእነዚያ ቀናት ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል እንዳለፈ፣ ከየጤና ጣቢያው የተውጣጡ አዋላጆችን እንድታሠለጥን ለዐሥር ቀን ወደ ደባርቅ ታዘዘች። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ገና አራት ወሬ ነበር። «ቤት ተቀምጠህ ግድግዳ ከምታይ፣ ስታስተምረው የኖርኸውን ተራራ ለምን መጥተህ አታየውም?» አለችኝ።

አነጋገሯ ልክ ነበረና ነካኝ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ስለ ሰሜን ተራሮች ያላስተማርሁበት ዓመት አልነበረም፤ ተራራውን ግን አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ አላየሁትም። «ራስ ዳሸን፣ 4,620 ሜትር» እያልሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ፤ በፈተና ላይ ሌላ ቁጥር ያሰፈረውን ተማሪ ሁሉ በቀይ ቀለም ሠርዤበታለሁ። ኋላ በተደረጉ ልኬቶች የተራራው ከፍታ ወደ 4,550 ሜትር ገደማ መሆኑ ታወቀ። ስሙንም የአገሩ ሰው ራስ ደጀን ይለዋል እንጂ ራስ ዳሸን አይለውም። እነዚያን ተማሪዎች አንድ በአንድ እየፈለግሁ ይቅርታ ልጠይቅ ብል አድራሻቸው የለኝም። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናገረው ከቁጥሩ ስለ ከፋው ስሕተቴ ነው።

ከጎንደር ተነሥተን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጓዝን። አገሩ ወገራ ነው፤ መኸሩ ተሰብስቦ ገለባው በየደጁ ተከምሯል። ዳባት ላይ ለምሳ ስናርፍ ስለ ከተማዋ ከእኔ ይልቅ ባለቤቴ ታውቅ ነበር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚወለደውንና የሚሞተውን፣ የሚገባውንና የሚወጣውን በየጊዜው እየመዘገበ የሚያጠናበት ጣቢያ በዚያ ስላለ፣ የዳባት ስም በጤና ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እኔ ስለ ዳባት የማውቀው በካርታ ላይ ያለችበትን ነጥብ ብቻ ነበር።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ አዲስ የተቋቋመው የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆና፣ መሥሪያ ቤቶቿ ገና ወንበርና ጠረጴዛ የሚያስገቡበት፣ ዩኒቨርሲቲዋም ሥራ ከጀመረ ብዙ ያልቆየበት ወቅት ነበር። ወደ ሆቴሉ ገብተን መዝገብ ስንሞላ፣ «የመጡበት ጉዳይ» በሚለው ዐምድ ባለቤቴ «ለሥራ» ብላ ጻፈች። የእኔ ተራ ሲደርስ ብዕሩን ይዤ ቆምሁ። ለሥራ አልመጣሁም፤ ለጉብኝትም ነው እንዳልል ቱሪስት አይደለሁም። መዝገብ ያዡ ወጣት ግራ መጋባቴን አይቶ መዝገቡን ወደ ራሱ አዞረና በዐምዱ ውስጥ «ባል» ብሎ ጻፈልኝ። ከማግሥቱ ጀምሮ በዚያ መንገድ ላይ ስሜ «የሲስተር ባል» ሆነ።

እንደ ልማዴ ሥራ የያዝሁ ለመምሰል ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማዋን መካከል ለመካከል ያልፋል። ግራና ቀኙን ተከትዬ የገበያውን፣ የመሥሪያ ቤቶቹን፣ የመኖሪያውንና የመኪና ማቆሚያውን ሥፍራ ለይቼ ንድፍ ካርታ ሣልሁ። በማግሥቱ በባጃጅ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ወጥቼ፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተቆርጦ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ አየሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ደባርቅን ጨረስኋት። ማታ ለባለቤቴ ካርታዬን ሳሳያት «ደግ ነው፤ ነገስ ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን የሆነውን መቼም አልረሳውም። ጧት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰው ሁሉ በጋቢው ተጠቅልሎ ወደየሥራው ይሄዳል። እኔ ከሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ወዴት እንደምሄድ አጣሁ። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ማንም አይፈልገኝም። በዚያች ደቂቃ፣ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ የሆነ ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ ተጋቢዎች ሳለን ደብረ ታቦር ተመድቤ ባለቤቴ ተከትላኝ መጥታ ነበር። ዝውውሯ እስኪፈቀድ ድረስ ዓመት ከመንፈቅ ያለ ሥራ ተቀመጠች። በየማታው ከትምህርት ቤት ስመለስ ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ ርእሰ መምህሩ፣ ስለ ስብሰባው አጫውታት ነበር። እርሷ ግን ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፈው አንድ ቀን እንኳ ጠይቄአት አላውቅም።

ከሆቴሉ ማዶ አንዲት ሴት ሻይና ቡና ትሸጣለች። ከበርጩማዎቿ በአንዱ ላይ ተቀመጥሁ። «ጋሼ፣ ሰው እየጠበቁ ነው?» አለችኝ።

«ባለቤቴን።»

«ስንት ሰዓት ይመጣሉ?»

«ዐሥራ አንድ።»

ገና ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነበርና ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ጥቂት ቆይታ ግን ጀሪካኗን አነሣችና፣ «እንግዲያው እስከ ዐሥራ አንድ እዚህ ካሉ፣ ቦኖው ሳይዘጋ ውኃ ልቅዳበት፤ እሳቱን ይዩልኝ» አለችኝ። ይህ በደባርቅ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ነበር። እሳቱን እያየሁ፣ ለሚመጣው ሁሉ «ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች» እያልሁ ዋልሁ። በዚያ ቀን የውኃው ሰልፍ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ የማገዶው ዋጋ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚጨምር፣ ለቱሪስት በቅሎ የሚያከራየው ሰው ተራ እንዴት እንደሚያዝ፣ ስካውት ሆኖ መቀጠር በአንድ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ሰማሁ። በሁለት ቀን ጨረስኋት ያልኋት ከተማ ገና መጀመሯ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሥራ የያዘ ሰው ሲመጣ ከተማው የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ ሥራ ከሌለው ሰው ፊት ግን ከተማው የራሱን ነገር ይናገራል።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። በእህል ተራ አንድ አዛውንት ከገብስ ሻጮች ፊት እየተዘዋወሩ ቆመዋል። ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ እፍኝ ያነሣሉ፣ በመዳፋቸው አሽተው እፍ ይላሉ፣ ፍሬውን ይነክሱታል፤ ከዚያም «ይህ ከጃናሞራ ነው»፣ «ይህ የዘንድሮ አይደለም» እያሉ ለብቻቸው ይናገራሉ። ሻጮቹም አልተቆጡም፤ በአክብሮት ያዩዋቸዋል። የገብስ ነጋዴ ናቸው ብዬ ቀረብሁና ምን ያህል ሊገዙ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንቱ፣ እኔ በዕድሜዬ ገብስ ሸጬ እንጂ ገዝቼ አላውቅም ነበር። ከግጭ ከወረድሁ ወዲህ ነው የምገዛው» አሉኝ።

ባልደረቦቼ፣ እዚህ ላይ ንግግሬን ቆም አድርጌ፣ ብዙዎቻችን እንደ ማስታወሻ ቁጥር ብቻ የምናውቀውን ታሪክ ማስታወስ ይገባኛል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት፣ በመጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ሥፍራዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ አንዱ ላሊበላ፣ ሁለተኛው ሰሜን ተራሮች። በ1971 ዓ.ም. ገደማ በወታደራዊው መንግሥት ዘመን በፓርኩ ቆላማ ጥግ የነበሩ መንደሮች በኃይል እንዲለቁ ተደረገ። የዋልያው ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻውና ግጦሹም በመስፋፋቱ፣ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ ለመውጣት ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ እምብርት ላይ የነበረውን የግጭን መንደር ማዛወር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸውና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ፤ ሁላችንም ዜናውን ሰምተን ደስ አለን። እኔም ለተማሪዎቼ በደስታ ነገርኋቸው። ግጭ የሚለውን ቃል ግን አልነገርኋቸውም፤ አላውቀውም ነበርና። ስለ ሰሜን የማወጣው የፈተና ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነበር፤ «በሰሜን ተራሮች ብቻ የሚገኙትንና ሌሎች ብርቅ እንስሳት ዘርዝር»። ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ። «በዚያ የሚኖረው ሰው ማን ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከቁጥሩ የከፋው ስሕተቴ ይህ ነው።

አዛውንቱ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። የግጭ ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ እርሳቸውም ለዙሁር ሶላት ደርሰው ተመልሰው ቡና አስፈሉልኝ። ቤታቸው በከተማዋ ዳር ያለ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው። «ግጭ ላይ ገንዘብ አልነበረንም፤ የምንገዛውም አልነበረንም» አሉኝ። «ገብሱ ከጓሮ፣ በጉ ከደጅ ነበር። እዚህ ግን ማገዶው በብር፣ ውኃው በብር፣ እንቁላሉ በብር ነው። ካሣው ቤት ሠራ፣ አለቀ። ልጆቼ የቀን ሥራ ያድራሉ። እኔ ማረሻ እንጂ አካፋ አልለመድሁም።» ከዚያም ዝም ብለው ቆይተው፣ «ብርዱ እንኳ የዚያ ይሻላል» አሉ። ግጭ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሥፍራ ነው፤ ብርዱ ከደባርቅ ቢከፋ እንጂ እንደማይሻል ሁለታችንም እናውቃለን።

ያን ዕለት ማታ በንዴት ተሞልቼ ለባለቤቴ አወራኋት። ይህ ሁሉ በደል ሲፈጸም እኔ እንስሳ ሳስዘረዝር ኖርሁ አልኋት። እስክጨርስ ዝም ብላ አዳመጠችኝና እንዲህ አለችኝ፤ «እኔ ጋ ከሚሠለጥኑት አዋላጆች ስለ ግጭ ሴቶች ሰምቻለሁ። ቀድሞ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተይዛ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ ገደሉን ዞራ ነበር የምትወርደው። በመንገድ የቀሩ አሉ። ዛሬ ከቤታቸው ተነሥተው በእግራቸው ይመጣሉ። ያንን ሽማግሌ ስትጠይቃቸው ባለቤታቸውን ጠየቅህ?» አልጠየቅሁም። ቡናውን ያፈላችልኝ ሴት ምን እንደምታስብ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ስንገናኝ አዛውንቱን ስለዚህ አነሣሁባቸው። አልካዱም። «እውነት ነው፤ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሄዳ ለምሳ ትመለሳለች። ሴቶቹ ሐኪም አገኙ። እኔ ያጣሁትን ስናገር እነርሱ ያገኙትን አልደብቅም። ግን አንቱ፣ ያገኘነው እንዲጻፍ ያጣነውም ይጻፍ» አሉኝ። ባለቤቴና እኔ በዚያች ከተማ ለየብቻ ስንውል ለካ ግማሽ ግማሹን እያየን ኖረናል። እርሷ በመዝገቧ ውስጥ ትርፉን አየች፤ እኔ በገበያው ውስጥ ኪሣራውን ሰማሁ። እራት ላይ ተቀምጠን ባንነጋገር ኖሮ፣ ሁለታችንም ሙሉውን አየን ብለን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ ነበር።

ያው ዕለት እሑድ ስለነበር ከቀትር በፊት አብረን ወደ ሳንቃ በር ወጣን። በአማራ አገር ደጋ «በር» ማለት፣ እንደ ጣርማ በር ሁሉ፣ በተራራ ላይ የሚገኝ ጠባብ ማለፊያ መሆኑን ሳስተምር ኖሬአለሁ። እዚያ ላይ ቆሜ ግን ቃሉን በእግሬ አወቅሁት። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ወገን ገደሉ ዓይን እስኪያዞር ድረስ ይወርዳል፤ በሌላው ወገን አስታው ሽበት አብቅሎ ቆሟል፤ ጭላዳዎቹ ሰው መኖሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ሣር ይነጫሉ። መንገዱ ከዚያ ወደ ጃናሞራ ይቀጥላል፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያም ወደዚያ ናት። አብሮን የነበረው ስካውት ወደ ምሥራቅ እያመለከተ፣ «ያ ከጅንባር ወንዝ ማዶ ያለው ግጭ ነው፤ አሁን ሣሩ ተመልሷል» አለን። ሣሩ መመለሱ መልካም ነገር ነው፤ ዋልያው ከምድር ገጽ እንዲጠፋ የሚሻ ሰው ከመካከላችን የለም። ነገር ግን ለዚያ ሣር ዋጋ የከፈለው ሰው ከታች በገበያ መካከል ገብስ እያሸ መሆኑን አውቆ ሣሩን ማየት ሌላ ነገር ነው።

የትዳር ጓደኛውን ተከትሎ የሄደ ሰው ያየው ነገር ከሪፖርት ውጭ ሲቀር የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም። በ1885 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቴዎዶር ቤንት አክሱምን ሊያጠና ሲመጣ ባለቤቱ ሜብል አብራው ነበረች፤ ፎቶግራፉን የምታነሣው፣ በየዕለቱ ማስታወሻ የምትጽፈውም እርሷ ነበረች። የባሏ መጽሐፍ ብዙም ሳይቆይ ታተመ። የእርሷ ማስታወሻ ግን ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በአገራችንም በየመስኩ የወጡ መምህራንን፣ መሐንዲሶችንና ሐኪሞችን ተከትለው በየከተማው የኖሩ ሚስቶችና ባሎች ስንት ነገር አይተው ይሆን? ማን ጠየቃቸው?

ከተመለስን በኋላ ብዙ ነገር ሆኗል። በዚያው በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ በእሳት ተያያዘ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ገጠር ዘልቆ፣ በጭና ንጹሓን ሰዎች ተገደሉ፤ ደባርቅም ከየአቅጣጫው የሸሸውን ተፈናቃይ ተቀበለች። ከጦርነቱ ወዲህ የዋልያው ቁጥር ክፉኛ መቀነሱን ቆጠራዎች አሳይተዋል። የነገርኋችሁ ደባርቅ እንግዲህ የ2011 ዓ.ም. ደባርቅ ናት። ያቺ ሻይ ሻጭ ዛሬም ከዚያች ማዶ ትኑር አትኑር፣ አዛውንቱም በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ በዐሳቤ ይመላለሳል።

ከዚህ ተነሥቼ ለማኅበራችን አባላት ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሰሜንን የምታስተምሩ ሁሉ፣ ከዋልያውና ከጭላዳው አጠገብ ግጭን ጻፉ፤ ያገኙትንም ያጡትንም አብራችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ለመስክ ሥራ በምትወጡበት ጊዜ መጠይቁን የማታነሡበት፣ መኪናውን የማታስነሡበት አንድ ቀን ለራሳችሁ መድቡ። መጠይቅ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ዳባት ላይ ሰው ሲወለድና ሲሞት በትዕግሥት የሚመዘግቡትን ሰዎች አከብራለሁ። የምለው፣ መጠይቁ ሲዘጋ የሚጀምር ሌላ ዕውቀት አለ ነው። ወደ ቤታችሁም ስትመለሱ እናንተ ከመናገራችሁ በፊት ቤት የዋለውን ጠይቁ።

እኔም ዘግይቼም ቢሆን ጠየቅሁ። ከደባርቅ በተመለስን ሰሞን ባለቤቴን፣ «ደብረ ታቦር ሳለን ቀኑን እንዴት ታሳልፊው ነበር?» አልኋት። ወረቀት አምጣ አለችኝና ካርታ ሣለችልኝ። ቦኖው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ብድር የምትሰጠዋ የበርበሬ ነጋዴ፣ ሕፃን ሲታመም የሚጠሯት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚገኝበት ግንብ፣ ማታ ማታ እኔን የምትጠብቅበት መታጠፊያ ሁሉ ነበሩበት። እኔ በዚያች ከተማ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ከእነዚህ ሥፍራዎች የማውቀው ያንን መታጠፊያ ብቻ ነበር።